በጆሮ የታለፈ የዓይን ምርመራ

አንድ ሰው ነበር። እሑድ እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሞ የዕለቱን ምንባብ የሚያነብ ሰው። መጽሐፉን ይገልጣል፤ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ጣቱን ከመስመር ወደ መስመር እያስኬደ በዚያ በወፍራም ድምፁ ያነባል። ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ልጅ የሚያለቅስባት እናት እንኳ ጡቷን አጉርሳ ዝም ታሰኘዋለች።

ሰውየው ግን አንድ ፊደል አያይም።

ሰማችሁኝ? አንድ ፊደል አያይም! ገጹ ለእሱ ነጭ ጨርቅ ነው። ጣቱ የሚሄደው በባዶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ምንባቡን ደጋግማ ታነብለታለች፤ እሱ በቃሉ ይይዛል፤ እሑድ ቆሞ ይወጣዋል። እውነት ለመናገር ጭንቅላቱ የተባረከ ነበር። አንድ ጊዜ የሰማው ነገር አይጠፋበትም።

"ታዲያ ምን አለበት? ከመጽሐፍም ይነበብ ከልብ፣ ቃሉ ያው ቃሉ አይደለም ወይ?" የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ሰውየው ሰውየው እያልኩ አልዘልቀውምና ጋሽ ኤርሳዶ እንበለው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የከተማዋን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ከተማዋም ትንሽ የገበያ ከተማ ናት፤ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት ያለባት፣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው "የሚያነበው ሰውዬ" ከተባለ፣ ያ ስሙ ነው፤ ክብሩ ነው፤ የሚቀበርበት ማዕረጉ ነው።

ዓይኑን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ጀርባ፣ እንደ መስታወት የጠራች ትንሽ ሌንስ አለች። ብርሃን የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ዕድሜ ሲገፋ እሷ ትደፈርሳለች። አያምም። አያሳክክም። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው ራሱን ያታልላል። ጋሽ ኤርሳዶም ራሱን አታለለ። መጀመሪያ አምፖሉን ከሰሰ። ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን ከሰሰ፤ "የዘንድሮ ቀለም ቀጭን ነው" አለ። ከዚያ መነጽሩን ከሰሰና ከገበያ ሌላ ገዛ። ያንንም ከሰሰው።

ሚስቱ አስካለች ግን ሞኝ አልነበረችም።

"የመስፍን አባት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ትለዋለች።

"መነጽሬ ቆሽሾ ነው።"

"መነጽርህ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚቆሽሸው? ትናንት ደጃችን ላይ የቆመውን ጥጃ 'ደህና አመሸህ' ያልከውም ቆሽሾብህ ነው?"

ይስቃል፤ ያልፈዋል። ለምን አልሄደም? ፈርቶ ነው? አይደለም። አጥቶ ነው? አይደለም። አፍሮ ነው! ሐኪም ቤት መሄድ ማለት "አይታየኝም" ማለት ነው። "አይታየኝም" ያለ ሰው ደግሞ "ታዲያ እሑድ እሑድ ምን ስታደርግ ነበር?" ይባላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል ነበር የሚያሳፍረው። ቆይቶ ግን ያንን ቃል ሳይናገር የኖረበት ጊዜ ሁሉ ያሳፍረው ጀመር። እፍረት እንዲህ ነው፣ ወገኖቼ፤ ባደረ ቁጥር ይከብዳል።

በዚያው ጉባኤ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት የምትቀመጥ ቦጋለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ ነው፤ ያስቆጠራትም ጋሽ ኤርሳዶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንብባ የጨረሰችው ነገር የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያለ ጽሑፍ ነበር፤ ቆርቆሮውን አቅፋ በየቤቱ እየዞረች አነበበችው። ከዚያ በኋላ ያላነበበችው ነገር የለም። የስኳር ከረጢት ታነባለች። የአውቶቡስ ጀርባ ታነባለች፤ አውቶቡሱ ሳትጨርስ ከተነሣባት ሾፌሩን ትቆጣለች። ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ርቀው ሄደው ቤቱ ሲጎድልባት ደግሞ ደጇ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ከፍታ ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ ጎረቤት እየመጣ ይሰማታል። ንባብ ለእሷ ጌጥ አልነበረም። ሰው ያላት የሚመስላት በእሱ ነበር።

እሷንም ያው ሞራ ያዛት። አንድ ቀን ከጉባኤ በኋላ ጋሽ ኤርሳዶን ወደ ጥግ ጠራችውና አለቀሰች።

"ጋሼ፣ ያስተማሩኝ ፊደል ጥሎኝ ሄደ። ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ጉም ሆነብኝ። ለሰው አልነገርኩም፤ ለእርስዎ ነው የምነግረው።"

አያችሁ? በር ተከፈተለት። "እኔም እኮ፣ እቴ" ቢላት ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ሁለቱ አብረው አልቅሰው፣ አብረው ሄደው፣ አብረው ይድኑ ነበር። እሱ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ "አይዞሽ፣ ይሻልሻል" አላት። የሚያየው ሰው የማያየውን ሲያጽናና የሚናገረውን ተናገረ።

ብዙም ሳይቆይ የዓይን ሐኪሞች ለነጻ ሕክምና ወደ ከተማዋ ጤና ጣቢያ እንደሚመጡ ተሰማ። ማስታወቂያው በጉባኤ ይነበብ ተባለ። ማን ያንብበው? እሱ ነዋ! በቃሉ ያዘና ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበው፤ "ዓይናችሁ የደከመ ሁሉ ሂዱ፤ አትፈሩ፤ አትፈሩ" እያለ። ቦጋለች ግን ፈራች። ወደ ቤቱ መጣች።

"ጋሼ፣ ዓይንን አውጥተው አጥበው ነው የሚመልሱት ይላሉ። እውነት ነው? ድንገት ከእጃቸው ቢወድቅስ?"

እሱም ከጤና ጣቢያው ሰዎች የሰማውን በሥርዓት ነገራት። መምህር አይደል? ይህን እናንተም ስሙት፤ እዚህ ካላችሁት የሚያስፈልጋችሁ አላችሁ። "ማንም ዓይንሽን አያወጣም" አላት። "መጀመሪያ ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ ያደርጉልሻል፤ ትንሽ ያደበዝዛል። ከዚያ ዓይንሽን ያደነዝዙታል፤ የምታውቂው መርፌ ነው፣ ቆንጠጥ ያደርግሻል፣ ያበቃል። አያስተኙሽም፤ ነቅተሽ ጋደም ትያለሽ። ፊትሽ ላይ ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ያለብሱሻል። በትንሽ ቀዳዳ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው የጠራ ሌንስ ያስገባሉ። ወጥ እስኪበስል እንኳ አይቆይም። ከአንቺ የሚፈለገው ጭንቅላትሽን አለማንቀሳቀስ ነው፤ ሳል ከመጣብሽ አስቀድመሽ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ያሽጉልሻል፤ በማግስቱ ይፈቱልሻል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጥንቃቄ ነው። አታሺውም፤ ሳሙናና ውሃ አታስነኪውም፤ ከባድ ነገር አታነሺም፤ የተሰጠሽን ጠብታ ሳታቋርጪ ታደርጊያለሽ። ለንባብ መነጽር ሊያዙልሽ ይችላሉ። ግን ታነቢያለሽ።"

"አነባለሁ?" አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ተለወጠ።

"ታነቢያለሽ።"

"እንግዲያው እርስዎ ከፊቴ ከቆሙ እሄዳለሁ። እርስዎ የገቡበት እገባለሁ።"

"ከፊትሽ እቆማለሁ" አላት። ቃል ገባላት። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር። አስካለችም በደስታ ነጠላዋን አጣፋች፤ "በሷ ሰበብ አንተም ልትድን ነው" አለችው።

ቀኑ ደረሰ። የጤና ጣቢያው በረንዳ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞላ። ጋሽ ኤርሳዶ ሲመጣ ያስተማራቸውም፣ ሲያነብ የሰሙትም ብድግ ብድግ አሉ፤ "ጋሼ ይቅደሙ፣ ጋሼ ይለፉ" እያሉ ወደ ፊት ገፉት። ቦጋለችም የጋቢውን ጫፍ ይዛ ከኋላው ገባች።

ከበረንዳው ጫፍ ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደል ላልቆጠረም እንዲሆን ተብሎ ያለበት አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ነው፤ ሦስት እግር ያለው። እግሮቹ አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች፣ አንዳንዴ ወደ ጎን ይዞራሉ። ላይኛው ትልቅ ነው፤ እየወረደ ሲሄድ ያንሳል። ነርሷ በዘንግ ትጠቁማለች፤ ታካሚው እግሮቹ የዞሩበትን ይናገራል።

ከጋሽ ኤርሳዶ ፊት አንድ ገበሬ ነበር። ዓይኑን ትቢያ አሳክኮት እንጂ ከሩቅ ጭልፊት የሚለይ ሰው ነው። "ላይ... ግራ... ግራ... ታች... ቀኝ... ላይ..." እያለ እስከ ታችኛው መስመር ወረደ። ጋሽ ኤርሳዶ አስቦበት አልነበረም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አላሰበበትም። ግን ያ ጆሮ! ለብዙ ዘመን ሲሰማና ሲይዝ የኖረ ጆሮ፣ ሳይጠየቅ ያዘው።

ተራው ደረሰ። ነርሷ አንድ ዓይኑን በካርቶን ሸፈነችለት። ዘንጉ ግድግዳውን ሲነካ ሰማ፤ ግድግዳውን ግን አላየውም። "አይታየኝም" ሊል አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት ከበረንዳው አንዱ፣ በፍቅር ነው ደግሞ፣ "አሁን ጋሼን እዩ! መጽሐፍ የሚያነብ ዓይን እኮ ነው!" አለ።

"ላይ" አለ ጋሽ ኤርሳዶ።

ነርሷ ዘንጉን አወረደች።

"ግራ... ግራ..." አለ። መሐል ላይ ቆም ብሎ ዓይኑን ጠበብ አደረገ፤ የሚያስተውል ሰው እንደሚያደርገው። "ታች... ቀኝ..." እስከ መጨረሻው ወረደው። ሌላውን ዓይን ሲሸፍኑለትም ደገመው። በረንዳው "እሰይ!" አለ። ያን ቀን ሰው በዝቶ ነበርና፣ ሰሌዳውን ያለፈ ሰው በባትሪ ሳይታይ ይሸኝ ነበር። ነርሷ "አባቴ፣ ዓይንዎ ሸጋ ነው" ብላ ሸኘችው።

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። እሱም በልቡ ሳቅ ቢጤ መጥቶበት ነበር። ለመዳን መጥቶ ጤነኛ ነው ተብሎ የተመለሰ ሰው ያስቃል። ግን ገና አልጨረስኩም።

ዞር ሲል ከኋላው ድምፅ ሰማ።

"ላይ... ግራ... ግራ..."

ቦጋለች ናት። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባ፣ አቀርቅራ። መሐል ላይ ቆም አለች፤ እሱ በቆመበት ቦታ። "ታች... ቀኝ..." አለች፤ እሱ ባለበት ድምፅ።

ጋሽ ኤርሳዶ ባለበት ቆመ። አወቀ! ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። እሱ ሲያልፍ ብቻዋን ቀረች። ከፊቴ ይቆማል ያለችው ሰው ሄደ። ጋሼ እያዩ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እኔ ብቻ እንዴት አይታየኝም ልበል አለች። ብቻዬን እንዴት ያ ጨርቅ ሥር ልግባ አለች። ስለዚህ የእሱን ቃል አንሥታ አለፈችበት።

አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። "እህቴ፣ እሷ አይታያትም፤ እኔም አይታየኝም።" ነርሷ እዚያው ናት። ሐኪሞቹ እዚያው ናቸው። ፊተኛው ውሸት ከአፉ አምልጦት ነው እንበል። ዝምታው ግን አላመለጠውም። ዝምታውን መረጠው። ጋቢውን አስተካከለና ከበረንዳው ወረደ።

አስካለች በር ላይ ትጠብቅ ነበር። "ምን አሉህ?"

"ጤነኛ ነህ አሉኝ።"

ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቦጋለችን አየች። መሐላቸው ገብታ የሁለቱንም ክንድ ይዛ ወደ ቤት ወሰደቻቸው። ቦጋለችን ካደረሱ በኋላ ነው የተናገረችው።

"እንግዲያው ጤነኛ ከሆንክ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምንባብህን ራስህ አንብብ።"

እሑድ ሲመጣ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ቀረ። በሚቀጥለውም ጉንፋኑ አልለቀቀውም። ሰዎች ሊጠይቁት ማር ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ማሩን እየላሰ ያስላል። ምን ዓይነት ኑሮ ነው? አስቡት እስቲ። በገዛ ቤቱ፣ በሰው ማር፣ በውሸት ሳል!

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ቦጋለች ራሷን አሰረች፤ ጎን ራሷን ፈለጣት። ግራ ዓይኗ እንደ ፍም ቀላ፤ አስመለሳት። ጎረቤት "ምች ነው" አለ፤ ዳማከሴ ጨመቁላት። ውሎ ሲያድር ባሰባት። አስካለች ይህን ስትሰማ ባሏን ከአልጋው አስነሥታ፣ ሁለቱ ደግፈዋት ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት።

ሐኪሙ በመሣሪያው አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሞራው ከበሰለ በኋላ ብዙ ቆይቷል፤ ዓይኑ ውስጥ ግፊት ፈጥሮ ነርቩን ገድሎታል። ይህ ዓይን አይመለስም። ሌላው ግን ጊዜ አለው፤ ነገ ይሠራል።

"እናቴ፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ ይድን ነበር እኮ። ሐኪም አላየዎትም?"

"አይቶኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። አስካለች ለአልጋው ነገር ወደ ካርድ ክፍል ሄደች፤ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሁለቱም የማያዩ። ቦጋለች ጎንበስ አለችና በእጇ እየዳበሰች ጉልበቱን ፈልጋ ያዘችው።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አድርገሽ?"

"ያን ቀን ሰሌዳውን አላየሁትም። የእርስዎን ቃል ሰርቄ ነው ያለፍኩት። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን እኔ በጆሮዬ ሰረቅሁ። ያን ያህል ደክመው ካስረዱኝ በኋላ አሳፈርኩዎት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እርስዎን ቀና ብዬ ለማነጋገር አፍሬ ነው የኖርኩት።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ዓይኗን ያጣችው እሷ ናት፤ ይቅርታ የምትለምነውም እሷ ናት። ጉልበት የያዘችው እሷ ናት። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር። እጇን ከጉልበቱ ላይ ሊያነሣ ሞከረ። እስካሁን ያፈረው ሰው እንዳያውቅበት ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም ሳያውቅበት አፈረ። ይህ ሌላ እፍረት ነው። የፊተኛው ሰውን ያስደብቃል፤ ይህኛው ሰውን ያስወጣል።

"ቦጋለች፣ እኔም አላየሁትም" አላት።

"ምን አሉ?"

"ሰሌዳውን እኔም አላየሁትም። እኔም ከገበሬው ሰርቄ ነው። መጽሐፉንም አላየውም፤ ቆይቷል። አሁንም ፊትሽን አላይም።"

ነርሶች አለፉ፤ የታካሚ ጋሪ አለፈ። ከዚያ ጠየቀችው፤ የጠየቀችውም ገበሬውን አይደለም፣ መጽሐፉንም አይደለም።

"እኔ ስናገር ሰምተውኝ ነበር?"

አልሰማሁሽም ማለት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል?

"ሰምቼሻለሁ" አላት።

እጇን ከጉልበቱ ላይ አነሣች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አስካለች ስትመለስ ባሏ ቆሟል። "የመስፍን እናት፣ ለእኔም ካርድ አውጪልኝ፤ ዕውር ነኝ" አላት። በረጅም ትዳራቸው እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም፤ አለቀሰች።

ያው ሞራ ነበር፤ በማግስቱ አንደኛውን ዓይኑን ሠሩለት። ለቦጋለች የነገራት ሁሉ እንደ ነገራት ሆነ። ጠብታው ቆጠቆጠው፤ መርፌው ቆንጠጥ አደረገው፤ ፊቱን በቀዝቃዛ መድኃኒት አጠቡት፤ ጨርቁን አለበሱት። "ወደ ብርሃኑ ይመልከቱ፣ አይንቀሳቀሱ" አሉት። ነቅቶ ነበር፤ የመሣሪያውን ድምፅ፣ የሐኪሙን ትንፋሽ ይሰማል። ብርሃኑ ቀላ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ተርገበገበ። አላመመውም። ያመመው ሌላ ነበር፤ ቦጋለች በአጠገቡ ባለው ክፍል ያንኑ ጨርቅ ለብሳ ብቻዋን እንደተጋደመች ያውቅ ነበር።

ጠዋት ታካሚዎቹን ሁሉ በረንዳ ላይ ደርድረው ፋሻ ፈቱላቸው። ከፊቱ መጀመሪያ ያየው አስካለችን ነው።

"ምን ታያለህ?" አለችው።

"ፀጉርሽ ሸብቷል።"

"ለአንተ ሳነብ ነው የሸበተው!" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ከእሷ ወዲያ ያለችውን አየ። ቦጋለች ናት። ቀኝ ዓይኗ ጠርቶ፣ እንባ አቅርሮ፣ ዓለሙን ሁሉ ይጠጣል፤ የግድግዳውን ማስታወቂያ በከንፈሯ እያነበበች ነበር። ግራው ነጭ ነው፤ ቀኙን ተከትሎ ይዞራል እንጂ አያይም። ጋሽ ኤርሳዶ ዓይኑ በዳነበት ጠዋት ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ያየችው ጊዜ አቀረቀረ።

"ይቅር አለችው ወይ?" ትሉኛላችሁ። አለችው። በዚያ ቀን አይደለም፤ በዚያ ወርም አይደለም። ግን አለችው፤ ከልቧ። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ይቅርታ ስታገኙ የምትረሱትን ነገር ነው የምነግራችሁ። ዛሬ ታነባለች፤ በአንድ ዓይኗ፣ በመነጽር። ቶሎ ይደክማታል። ገጹ ሳያልቅ መጽሐፉን ትከድነዋለች።

እሱ ወደ ከተማው ሲመለስ ለጉባኤው ልናገር አለ። ሽማግሌዎቹ "ይሄ ነገር እዚሁ በጓዳ ይለቅ፤ የጉባኤው ስም አለ" አሉት። እምቢ አለ። ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ንባቡን፣ ሰሌዳውን፣ ዝምታውን። ሰው አንገቱን ደፋ። በዚያው ሳምንት ግን አስካለች ደጅ ሰዎች በስውር ይመላለሱ ጀመር፤ "እኔም ከቆየሁ ቆይቻለሁ፣ አይታየኝም፤ የት ነው የሚኬደው?" እያሉ። አንዱ ከእነዚያ "በጓዳ ይለቅ" ካሉት ሽማግሌዎች ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አሜን ለማለት አትቸኩሉብኝ።

ስለ ዓይናችሁ የምለው አጭር ነው፤ የሚደበዝዝባችሁ ካላችሁ ሂዱ፣ ታከሙ፣ ሐኪሙ ፊት እውነቱን ተናገሩ። ሞራ ያለበት የሁላችሁም ዓይን አይደለም። ሁላችንም ግን በቃላችን የምናልፈው ሰሌዳ አለን።

አንተ ወንድሜ፣ ቤትህ ከፈረሰ ቆየ። ከሚስትህ ጋር የምትነጋገሩት በልጅ በኩል ነው። እዚህ ስትመጡ ግን ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ፤ እንዲያውም የመዝሙር መጽሐፍ ለሁለት ትይዛላችሁ። ከኋላችሁ በቅርብ የተጋቡ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሌሊቱን ሲጣሉ ያደሩ። እናንተን አይተው ምን ይሉ ይመስልሃል? "የተበላሸነው እኛ ብቻ ነን" ይላሉ። ከዚያ እነሱም ፈገግ ይላሉ። እነሱም ያልፋሉ። ሳይታከሙ ያልፋሉ!

አንቺ እህቴ፣ መጸለይ ካቃተሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ግን ለጸሎት ስትጠሪ ትነሺያለሽ፤ ቃሉ አይጠፋብሽም፤ ሰው "እንደ እሷ ባደረገኝ" ይላል። አጠገብሽ ያለችው ልጅ ሰማዩ ከተዘጋባት ሰንብቷል። ልትነግርሽ ትፈልግ ነበር። አሁን አትነግርሽም።

መጠጡን ያልተውክ፣ ልብህ የደረቀ፣ እምነትህ የተሰነጠቀ፣ በልጅህ ምክንያት የምታለቅስ... ማስመሰል የራሴ ጉዳይ ነው፣ የምጎዳው ራሴን ነው ብለህ ታስባለህ። ይህ ነው ስሕተቱ። ጋሽ ኤርሳዶ ዓይኑን አላጣም፤ እሱ ድኗል! ያጣችው እሱን ያመነችው ናት። አንተ ዘግይተህ ትድን ይሆናል፤ ጉልበት አለህ፣ ሰው አለህ። አንተን ሰምቶ ያለፈው ግን ያን ያህል ጊዜ ባይኖረውስ?

ከሁሉ የሚብሰውን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ያንን ድምፅ ሰምተነዋል። የእኛን ቃል፣ በእኛ ድምፅ፣ ከልጃችን አፍ ሰምተነዋል። ከወጣቱ አፍ፣ ከአዲሱ አማኝ አፍ ሰምተነዋል። እንደማያይ እናውቃለን። ለምን እንዲያ እንደሚል እናውቃለን። ጋቢያችንን አስተካክለን ወርደናል።

ማፈር ካለብን፣ እዚህ ላይ እንፈር። እንፈር እንጂ! "ምን ይሉኛል" ብለን ስናፍር ኖረናል፤ አንድ ቀን ደግሞ "ምን አደረግሁበት" ብለን እንፈር።

አሁን እንነሣለን። በሩ ላይ አንዱ እጃችሁን ይዞ "እንዴት ናችሁ? ደህና ናችሁ?" ይላችኋል። መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከመመለሳችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ዞር ብላችሁ ከኋላችሁ ማን እንደቆመ እዩ።